የሸሸው አቡጀዲ

ገደፋው ሊዘርፋት ሰዓት ሲቆርጥ ያይኔአበባ ከጓሮ ቆማ ትሰማ ነበር። አንድ እግሯ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ጫማዋን ላለማጣት ስትታገል ነው ድምፁ በግድግዳው አልፎ የመጣላት። የእህቷ ቤት የጓሮ ግድግዳ ካምና ክረምት ጀምሮ ምርጊቱ ረግፎ እንጨቱ ብቻ ቀርቷል፤ ቀበሌ ኪራይ ሲሰበስብ እንጂ ቤት ሲያድስ በኛ ከተማ ያየ ሰው የለም። «ሰባት ሰዓት» አለ ገደፋው፣ የእህቷ ባል። «ባለሱቁ ሁሉ በስድስት ሰዓት አዳራሽ ይገባል። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሥራ ተብሎ ስም ይጠራል፤ የቀረ አምስት ብር ይቀጣል፤ አንድም አይቀር። አንተ ካኪህን ለብሰህ፣ ወረቀትህን ይዘህ ከመኪናው ውረድ። እኔ በር ላይ ቆሜ እለማመጥሃለሁ፤ ቆጣ በልብኝና ጫን። በኋላ ከደብረ ማርቆስ የመጡ ተቆጣጣሪዎች ወረሱት እላለሁ። ማን ይጮኻል? ዕቃዬን ከመንግሥት ደብቄ ነበር ብሎ የሚከስ ማን አለ?» ሌላ ሰው ሳቀ። ሳቁን አወቀችው፤ ክንዱ ነው፤ ቡሬ መገንጠያ ላይ ጨርቅና ጫማ እየገዛ ወደ ነቀምት የሚያሻግር፣ ለፋሲካ እዚሁ ቤት አብሯት ዶሮ የበላ ደላላ።

«የእታለምስ?» አለች ቻይነሽ። ቻይነሽ ታናሽ እህቷ ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያይኔአበባ አዝላ ያሳደገቻት፣ እስከ ዛሬም እታለም የምትላት።

«የሷም አብሮ ይሄዳል። የሷ ብቻ ከተረፈ ነገ የሚያዘው ማን መሰለሽ?»

ያይኔአበባ እህቷ የምትለውን ጠበቀች። እግሯን ከጭቃው መንቀሉን ትታ፣ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ሽንኩርት የሚከትፈው ቢላዋ ለአፍታ ቆም ብሎ ነበር፤ እንደገና ቀጠለ። ሌላ የሰማችው ነገር የለም። ጫማዋን በእጇ ከጭቃው መዝዛ፣ በባዶ እግሯ በጌሾው መሀል አድርጋ በመጣችበት ተመለሰች።

የኛን ከተማ ነጋዴ ጠባይ ያላወቀ ሰው ይህን ነገር አይረዳውም። ሰኔ ሲጋመስ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዕቃ ይሸሻል። ገማች ኮሚቴ በየሱቁ እየገባ መደርደሪያውን አይቶ፣ ይህች ሴት በቀን ይህን ያህል ትሸጣለች ብሎ ይጽፋል፤ ግብሩ በዚያ ይቆረጣል፤ ሐምሌ ላይ ይከፈላል። ስለዚህ ገማቹ ሲደርስ መደርደሪያው ላይ ሦስት ሳሙናና አንድ እሽግ ክር ብቻ እንዲያገኝ፣ የቀረው ዕቃ ሱቅ የሌለው ዘመድ ቤት ገብቶ ይሰነብታል። አባቶቻችን በጃንሆይ ጊዜ ያደርጉት ነበር፤ እኛም አብዮት ፈነዳ ብለን አልተውነውም። ገማቹም ይህን ያውቃል። ስለሚያውቅ ያየውን በእጥፍ ይጽፋል፤ ነጋዴው ደግሞ በእጥፍ እንደሚጻፍበት ስለሚያውቅ ከግማሹ በላይ ያሸሻል። እንዲህ እየተዋወቅን እንኖራለን።

እሑድ ዕለት ገደፋው የሱቁን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ዞረው። የቀበሌው ዘበኛ ነው፤ ጠመንጃው ጥይት ይኑረው አይኑረው የሚያውቅ የለም፣ ግን ከቢሮው የሚወጣ ወሬ መጀመሪያ የሚሰማው ከሱ አፍ ነው። «ረቡዕ ገማች ይገባል። ደብዳቤውን ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ። ማንም ደብዳቤውን አሳየን አላለውም። የገቢ ጽሕፈት ቤቱ ከሱቆቹ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም፤ አንድ ሰው ሄዶ ቢጠይቅ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ዕቃ ሊያሸሽ የተነሣ ሰው ግን ገማቹ መቼ እንደሚመጣ ሄዶ ገማቹን አይጠይቅም፤ ገደፋው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሱቅ የለው፣ ንግድ የለው፣ የዘበኛ ቤት ማን ይፈትሻል? «ቤቴ ቤታችሁ ነው፤ አምስት ሳንቲም አልቀበልም» ሲል ሴቶቹ መረቁት። ያመነቱትን ደግሞ ያይኔአበባ ራሷ ናት «እህቴ ቤት እኮ ነው፤ ምን ያስፈራችኋል?» እያለች ያግባባቻቸው። ሰኞ በዝናብ መሀል በሰሌን እየጠቀለሉ፣ በማዳበሪያ ከረጢት እየከተቱ አመላለሱት። እሷ ስድስት ጣቃ አቡጀዲና ሁለት ጣቃ ቴትሮን አስገባች። ሱቋ ማለት ያ ነው። ያ ከሄደ፣ ባል ሞቶባት ልጅ ሳትወልድ የቀረች ሴት፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ የሰው ልብስ አጣቢ መሆኗ ነው።

ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ወደ እህቷ ጓሮ የወሰዳት ሬሳ ነው። ደርበው የሚባል ሽማግሌ ከገጠር ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣ። የወንድሙ ሚስት ሞታ ለመግነዝ አምስት ሜትር አቡጀዲ ይፈልጋል። የሱቁን ረድፍ ሁሉ ዞሮ አንድ ክንድ ጨርቅ አላገኘም፤ ሁሉም የለንም አሉት። ያይኔአበባ አዘነችለትና «ትንሽ ይጠብቁኝ» ብላ፣ ጨርቅ ይዛ ስትወጣ ሰው እንዳያያት በጓሮ በኩል ሄደች። በፊት በር ብትሄድ ኖሮ ክንዱ ከዕቃው ክምር ኋላ ይደበቅ ነበር፣ ቻይነሽም ደህና አደርሽ ብላ ጨርቁን ቆርጣ ትሰጣት ነበር።

ስትመለስ ሽማግሌው የሱቋ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ባዶ እጇን አየ።

«የታለ?»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ አያ።»

«ሬሳ ይታገሣል? ካህናቱ ለዘጠኝ ሰዓት ተጠርተዋል። እናንት ከተሜዎች ይህን ሁሉ በር ወለል አድርጋችሁ ከፍታችሁ የምትቀመጡ ምን ልትሸጡ ነው?»

ያይኔአበባ እግሯን ከበር ላይ ኩሬ ታጠበችና ከጎን ወዳለው የአልጣሽ ሱቅ ገባች። ከአልጣሽ ጋር ዐሥራ ሰባት ዓመት ግድግዳ ተጋርተዋል። እሳት ይጫጫራሉ፤ ያይኔአበባ ባሏ የሞተ ለት የፊቷን እንባ የጠረገችላት አልጣሽ ናት። ዐሥራ አራት ብርድ ልብስና ሁለት ጆንያ የላስቲክ ጫማ እዚያ ቤት አስገብታለች፤ ከረድፉ ሁሉ ብዙ ያስገባች እሷ ነበረች፣ ከሁሉም የፈራችውም እሷ፣ ያይኔአበባ እጇን ይዛ «ግዴለሽም» ያለቻት። አሁን ባዶ መደርደሪያዋ ፊት ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። «ፊትሽ ምነው አመድ መሰለ?» አለች። ከዚያም ሳትጠብቅ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ጀመረች፤ ኪሎው ስልሳ ሳንቲም ገባ፣ ይኸ ደግሞ ለበዓሉ አጥር ቀለም ቀቡ ይሉናል፣ ቀለሙን ማን ገዝቶ፣ እያለች። ያይኔአበባ የሰማችውን ልትነግራት ጠጋ አለች።

አልጣሽ ከሰማች ትጮኻለች። አልጣሽ ከጮኸች ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ታጣቂ ይመጣል። አምና ከዚሁ ረድፍ ሦስት ኩንታል ጨው ደበቀ የተባለ ሰው የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ተብሎ ደብረ ማርቆስ ተወስዷል። ሚስቱ በየወሩ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፤ ስንቁን ተቀብለው ይመልሷታል፤ ሰውዬው ይኑር አይኑር የነገራት የለም። ጨው የደበቀ እንዲህ ከሆነ፣ ዘበኛ ሆኖ በመንግሥት ስም ሊዘርፍ ሲል የተያዘ ሰውማ ምን እንደሚደረግ ማንም ያውቀዋል። ገደፋው ቢገደል ያይኔአበባ አንዲት ዘለላ እንባ አታፈስም ነበር፤ ይህን አልደብቅም፣ እሷም ከራሷ አልደበቀችውም። አብራ የመከረች ሚስትስ ትተርፋለች? አራቱ ልጆችስ? ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። ያቺ ሽንኩርት ከታፊ በእስር ቤት በር ላይ ስንቅ ይዛ ቆማ ታየቻት፤ ተናደደችባት፣ ግን ታየቻት።

የራሷን ብቻ ሄዳ ብታወጣስ? ይህንንም አሰበችው። ስምንት ጣቃ በሁለት ምልልስ ያልቃል። ሰባት ሰዓት ላይ የሰው ሁሉ ሲጫን የሷ መደርደሪያዋ ላይ ይሆናል፤ የአልጣሽ ብርድ ልብስ ግን ነገ ነቀምት ላይ ይሸጣል። ማሰቧ ራሱ አሳፈራት። ለባለሱቆቹ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ ዕቃችሁን አውጡ ብትላቸው ደግሞ ለምን ይሏታል፤ ለምን ካሏት መናገሯ ነው። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። አልጣሽ ምስሯን እየለቀመች ቀለም ስለሚሸጠው የመንግሥት መደብር ታወራለች።

«መጣሁ» አለቻት ያይኔአበባ። ወጥታ ወደ ገቢ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ ዝናቡ መጣል ጀምሮ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ አምስት ገበሬዎች የመሬት መጠቀሚያ ደረሰኝ ጠፋብን ብለው ተራ ይዘዋል፤ ጋቢያቸው የረጠበ ጥጥ ይሸታል። ግድግዳው ላይ «ግብር የአብዮታችን የጀርባ አጥንት ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ አንድ ጥጉ ተገንጥሏል። የገማቾቹ ኀላፊ ስዩም ይባላል። ቀጭን፣ ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛ፣ ሰው ሲያናግረው ወረቀት ማየት የሚወድ ሰው ነው። እስከ ስድስት ሰዓት አስቆማት። ሰዓቱ ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ያይኔአበባ ከሰዓቱ ዓይኗን አላነሣችም።

«ምን ፈለግሽ?»

«ዕቃዬን ላስገምት ነው የመጣሁ፣ ጓድ።»

ስዩም ቀና አለ። «ማን ጠራሽ?»

«ማንም አልጠራኝም።»

«ግምት የሚጀመረው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። ተራሽ ሲደርስ ሱቅሽ ድረስ ይመጡልሻል። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ በእግሩ መጥቶ ገምቱኝ ያለ ነጋዴ አላየሁም። ምን አድርገሽ ነው?»

ረቡዕ የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረም። እሑድ ዕለት ይህን መጠየቅ ይቻል ነበር፤ አፍ ያለው ሁሉ ይችል ነበር። ያይኔአበባ ጥርሷን ነከሰች። «ዕቃው ሱቄ አይደለም ያለ» አለች። «እህቴ ቤት ነው።»

እስክርቢቶውን አስቀመጠ። «እዚያ ምን ይሠራል?»

«ጣራዬ ያፈሳል። የሁላችንም ያፈሳል። ዕቃው እንዳይበሰብስ የረድፉ ሰው ሁሉ እዚያ ነው ያስቀመጠ። ቀበሌውን ስንት ጊዜ አመለከትን።»

ጣራው ማፍሰሱም ማመልከታቸውም እውነት ነው። ስዩም ከንፈሩን ጠመም አድርጎ ትንሽ ፈገግ አለ። «ገማች ሊመጣ ሲል ዝናብ መጣባችኋ!»

«ሰኔ ነው እኮ፣ ጓድ።»

«እሺ። ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ እንሄዳለን።»

ስምንት ሰዓት ላይ ባዶ ክፍልና የሚያለቅስ ገደፋው ነው የሚያገኙት። «እህቴ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ቤቷን ቆልፋ ለቅሶ ትሄዳለች፤ አገር ቤት ነው» አለች። ስዩም እንግዲያስ ነገ ይሁን ብሎ እጁን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ያን ጊዜ ነው «ምን ይዞሽ ነው ያልሽው?» ብላ ዕድሜ ልኳን ራሷን የምትጠይቀውን ቃል የተናገረችው። «ነገ እዚያ ላያገኙት ይችላሉ፣ ጓድ» አለች። «የሰው ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ወደ የት እንደሚያዞረው እኔ አላውቅም።» ስዩምን ከወንበሩ ያስነሣው ይህ ነው። ባርኔጣውን አደረገ፤ ሁለት ጸሐፊ ጠራ፤ መዝገቡን በላስቲክ ጠቀለለ። ገበሬዎቹን ነገ ኑ አላቸው።

ቻይነሽ ቤት ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ገደፋው አዲስ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ በር ላይ ቆሟል፤ ዓይኑ የቡሬ መንገድ ላይ ነው። መጀመሪያ ስዩምን አየ፤ ቀጥሎ ከስዩም ኋላ ያይኔአበባን። ልምድ ያለው ሰው ነው፣ ወዲያው ጎንበስ ብሎ «እንኳን ደህና መጡ፣ ጓድ» አለ። ክፍሉ መተላለፊያ የለውም። አልጋው ላይ፣ ከአልጋው ሥር፣ ልጆቹ የሚተኙበት ቁርበት ላይ፣ እስከ ጣራው ወጋግራ ድረስ ዕቃ ነው። የብርድ ልብስ ክምር፣ የጫማ ጆንያ፣ የሻማ ሣጥን፣ የነጠላ ጥቅል፣ ሦስት ጄሪካን ላምባ። ቻይነሽ ምድጃው ዳር ትንሹን ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች። እህቷን አየቻት። ያይኔአበባም አየቻት። ልጁ እታለም እታለም እያለ እጁን ዘረጋ። ማንም አልተቀበለውም።

«ይህ ሁሉ ጣራ የሚያፈስበት ሰው ነው?» አለ ስዩም። ከጸሐፊዎቹ አንዱን ወደ አዳራሹ ላከ። «ባለሱቆቹ ይምጡና የየራሳቸውን ያስመዝግቡ። ባለቤት ያልቀረበለት ዕቃ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል በላቸው።»

ሰዉ በጭቃው ውስጥ እየሮጠ መጣ። ወንዱ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ሴቱ ነጠላውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ሁለት ሦስቱ በእጃቸው የቀለም ቡሩሽ እንደያዙ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሩጫው ቆመ፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ በአንድ አፍታ ገባቸው። አያ ደረሰ የሚባለው ላምባ ሻጭ ያይኔአበባን ከእግር እስከ ራሷ አይቶ ምራቁን ዋጠ። አንድ በአንድ እየተጠሩ ገቡ። ይህ የማነው፣ የኔ ነው፤ ስንት ነው፣ ይህን ያህል ነው። ስዩም የሚጠይቀው በደረቁ ነው፤ አይቆጣም፣ አይሳደብም፤ ይጽፋል። በዚህ መሀል ከቡሬ መንገድ አንድ ፒክአፕ እየተንገጫገጨ መጥቶ ከቤቱ ፊት ፍጥነቱን ቀነሰ። ጋቢና ውስጥ ካኪ የለበሰ፣ ጭኑ ላይ ወረቀት ያስቀመጠ ሰው አለ። ክንዱ ሕዝቡን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ ባርኔጣውን አየ፤ ለሾፌሩ አንድ ነገር ተናገረና መኪናው ጭቃ እየረጨ አለፈ። አያ ደረሰ የተረጨውን ሱሪውን እያራገፈ ሾፌሩን ሰደበ። ገደፋው ወደ መኪናው አላየም፤ የጎረቤት ዶሮ እሽ ይል ነበር።

የያይኔአበባ ተራ ሲደርስ ሽማግሌው ደርበው ሰዉን በክርኑ እየገፋ ገባ። ወዴት እንደሄደች ጠይቆ ነው የመጣ። አቡጀዲውን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እንዲህ ተከምሮ ነው የለም ያላችሁኝ?» አለ። ያይኔአበባ ስዩምን በዓይኗ ጠየቀችው፤ ስዩም በእጁ ሽጪለት አላት። ክፍሉ መሀል ቆማ አምስት ሜትር ለካች፤ መቀስ ቻይነሽ አቀበለቻት። ሽማግሌው በሜትር ሁለት ብር ከሃምሳ በዛ ብሎ አልተከራከረም፤ የተቋጠረ ብሩን ፈትቶ ዐሥራ ሁለት ብር ከሃምሳ ሰጣትና ጨርቁን ከጋቢው ሥር አድርጎ ወጣ። ስዩም በቢሮው እንደለመደው ወደ ግድግዳው ቀና ብሎ፣ ሰዓት ሲያጣ የእጁን አየ። «ገና ሰባት ሰዓት ነው፤ ሱቋም ዝግ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ዐሥራ ሁለት ብር ከሃምሳ ሸጣለች» አለ ለጸሐፊው። «በቀን ዐሥራ ሁለት ብር በልልኝ።» አምና አራት ብር ነበር። አልጣሽ ላይ ዐሥራ አምስት ጻፈባት፤ አምና አምስት ነበር።

ስዩም መዝገቡን በላስቲኩ ጠቅልሎ ሲወጣ ዝናቡ ቆሞ ነበር። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ገደፋው ስዩም ጥጉን ሲዞር ድምፁን አወጣ። «እኔ ድሀ ነኝ፤ ቤቴን በነጻ ሰጠሁ፤ ልጆቼን መሬት አስተኛሁ» አለ፤ እውነተኛ እንባ እየመጣው። «የገዛ እህታችን ይዛብን ትመጣለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። ይቅር በሉኝ።» አንዷ ሴት «አንተ ምን አደረግህ፣ አባቴ» አለችው። አያ ደረሰ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ያይኔአበባ እጇ ላይ መቀሱን እንደያዘች ቆማለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበራት። ገደፋውም እንዳላት ያውቃል፤ እያለቀሰ በእንባው መሀል ዓይኑ ከአፏ ላይ አልተነቀለም። ያን እንባ በጥፊ ልትመታው፣ ፊቱን ከዚያ ጭቃ ልታገናኘው ፈለገች። መቀሱን ምድጃው ዳር አስቀመጠች።

አልጣሽ ብርድ ልብሷን ተሸክማ ከፊቷ ቆመች።

«አንቺ ነሽ ያመጣሻቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ያይኔአበባ ወደ ምድጃው አየች። ቻይነሽ ልጁን እያጠባች መሬት መሬት ታያለች። «ፈራሁ» አለች ያይኔአበባ።

«ማንን?»

«መንግሥትን።»

አልጣሽ አልጮኸችም። ይጮኻል ያለችው አፍ በቀስታ ነው የተናገረው። «እኔ አልገባም ስል ነው እጄን ይዘሽ ያስገባሽኝ። ዐሥራ ሰባት ዓመት እህቴ ነሽ ብዬ… በይ ስሚ፤ ከዛሬ ጀምሮ እሳት ልጫር ብለሽ በሬን እንዳትረግጪ። የሞትኩ ለትም ለቀብሬ እንዳትመጪ፤ ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ።» ሸክሟን አስተካክላ ሄደች። ሌሎቹም በየተራ ዕቃቸውን እያነሡ፣ ያይኔአበባን እንደ ምሰሶ በጎኗ እየዞሩ ወጡ።

ጣቃዎቹን ወደ ሱቅ ስትመልስ ቻይነሽ ሳትጠየቅ አራቱን አቅፋ ተከተለቻት። በረድፉ ፊት ሁለቱ ተከታትለው አለፉ። በየሱቁ በር የቆመው ሰው ንግግሩን እያቋረጠ አሳለፋቸው። ሱቁ ውስጥ ቻይነሽ አቡጀዲውን መደርደሪያው ላይ በቦታ በቦታው አስቀመጠች፤ ልጅ ሳለች ስታግዝ እንደምታደርገው ጠርዙን በመዳፏ አስተካከለች። የጣራው ጠብታ ጥግ ያለችው ቆርቆሮ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ስንት ገመቱብሽ፣ እታለም?»

«ዐሥራ ሁለት።»

«በዝቷል።»

«በዝቷል።»

ቻይነሽ ለመሄድ አልተነሣችም። ነጠላዋን ፈታች፣ እንደገና አጣፋችው። «አውቀሽ ነው አይደል ያመጣሻቸው?» አለች በመጨረሻ።

«አውቄ ነው።»

«ያንቺን እኮ ሊመልስልሽ ነበር።» ቃሉ ተሽቀዳድሞ ወጣ። «ክንዱ እንደወጣ የገደፋው እግር ላይ ወድቄ ለመንኩት። ቡሬ ሲደርሱ ያንቺ ስምንት ጣቃ ለብቻው ይቀመጣል፣ ክረምቱ ሲወጣ በድብቅ ይመለስልሻል ብሎ ምሎልኛል። በልጆቼ እምልልሻለሁ፣ ውሸት አይደለም። አንቺን እንዴት እተውሻለሁ?»

ያይኔአበባ እህቷን አየቻት። ቻይነሽ ውሸት ስትናገር ዓይኗ ይርገበገባል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አሁን አልተርገበገበም። እውነቷን ነው፤ ይህን ስታውቅ ነው ቁጣዋ ከጠዋቱ የባሰው።

«የአልጣሽንስ?» አለች።

«እ?»

«የአልጣሽን ብርድ ልብስስ ለምነሽዋል?»

ቻይነሽ ጥያቄው አልገባትም። በቅንነት ነው ያልገባት። «አልጣሽ ለኔ ምኔ ናት?» አለች።

ያይኔአበባ ተነሥታ በሩን ከፈተችላት፤ በግድግዳው ማዶ አልጣሽ ብርድ ልብሶቿን እየቆጠረች ስታስቀምጥ ይሰማል።

«ለኔ ጎረቤቴ ነበረች» አለች።